የትምህርት ቤት በር ላይ ብረት መፈተሻ ሲተከል፦ ጠዋቱን የሚበሉ ስህተቶች

ለሦስት ዓመት የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጠዋት በር ተረኛ ነበርኩ። ብረት መፈተሻው ሲተከል ነበርኩ፤ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ አስፋልት ሲነካም እዚያው ቆሜ ነበር። ማሽኑ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም። ከተተከለ በኋላ ግን ጊዜ የሚበላው ማሽኑ ራሱ እንዳልሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። በመፈተሻው ውስጥ ማለፍ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ጠዋቱ የሚያልቀው ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው።

ተማሪውን በአማካይ መቁጠር

ከግዢ በፊት የሚሠራው ሒሳብ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ 900 ተማሪ አለን፤ በሩ ለአንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ አንድ ማሽን በደቂቃ 10 ልጅ ያሳልፋል፤ እንግዲህ ሁለት ማሽን በሰዓት 1,200 ያሳልፋል፤ ይተርፈናል። ወረቀት ላይ ስህተት የለበትም። ተማሪ ግን እንደ ቧንቧ ውሃ እኩል እየፈሰሰ አይመጣም። አውቶቡሶቹ ተከታትለው ያራግፋሉ፤ በእግሩ የሚመጣውም ጓደኛውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ደወሉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው እንበል፤ ከ900ው 600ው ከ1:40 ወዲህ ደረሰ እንበል። ሁለቱ ማሽኖች በ20 ደቂቃ የሚያሳልፉት 400 ነው። ደወሉ ሲደወል 200 ልጅ ገና ውጭ ነው፤ የመጨረሻው የሚገባው 2:10 ላይ ነው። ያውም ማሽኑ አንዴም ካልጮኸ።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ይቁም፤ በየ5 ደቂቃው ስንት ልጅ እንደደረሰ ይጻፍ። አንድ ቀን አይበቃም፤ የዝናብ ቀንና የፈተና ቀን ሌላ መልክ አላቸው። ቁጥሩ ከታየ በኋላ ሁለት አውቶቡሶችን በ10 ደቂቃ ማራራቅ ሦስተኛ ማሽን ከመግዛት የበለጠ የሚያቃልልበት ጊዜ አለ።

ማሽን ጨምሮ ሰው አለመጨመር

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ማሽኑ ሲጮህ ልጁ ወደ ጎን ይወጣል፤ ኪሱን ያራግፋል፣ ቀበቶውን ይፈታል፣ በእጅ መፈተሻ ይታያል። 40 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ከአራት ልጅ በአንዱ ላይ የሚጮህ ከሆነ፣ በደቂቃ ከሚያልፉት 10 ልጆች ሁለት ተኩል ያህሉ ወደ ጎን ይወጣሉ ማለት ነው። አንድ ፈታሽ ግን በደቂቃ የሚጨርሰው አንድ ተኩል ብቻ ነው። በየደቂቃው አንድ ልጅ ይጠራቀማል። ከ5 ደቂቃ በኋላ አምስት ልጆች ቀበቶአቸውን በእጃቸው ይዘው መተላለፊያውን ዘግተዋል፤ ማሽኑ ጋ የቆመውም ሰው ለቀጣዩ ልጅ እጁን ዘርግቶ «ቆይ፣ ቆይ» ማለት ይጀምራል። ከሰልፉ ጫፍ ለሚያይ ማሽኑ የዘገየ ይመስለዋል። ማሽኑ ግን ሥራ ፈትቶ ቆሟል።

እዚህ ላይ አዲስ ማሽን ቢመጣ ሌላ የተዘጋ መተላለፊያ ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። የሚያስፈልገው ሁለተኛ ፈታሽና የሚጮህባቸው ልጆች ገለል ብለው የሚቆሙበት ሰፋ ያለ ቦታ ነው። ጩኸቱን ከአራት አንድ ወደ ከአሥር አንድ ማውረድ ከተቻለ ደግሞ ያው አንዱ ፈታሽ ይበቃል።

መፈተሻውን ቦታ በተገኘበት መትከል

ጩኸት ለመቀነስ መጀመሪያ የሚታየው ቦታው ነው። መፈተሻው በግራና ቀኙ ምሰሶ ውስጥ በተጠቀለለ ሽቦ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በመሃሉ የሚያልፍ ብረት መስኩን ሲረብሸው ይጮሃል። የረበሸው ቢላ ይሁን የአጥር በር እሱ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው በተኙበት፣ በስልክ ፈልሳፊነቱ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ ያለበትን ቦታ ለማግኘት የዚህን ማሽን ቅድመ አያት ይዞ ቀርቦ ነበር። አልጋው የብረት ስፕሪንግ ነበረው፤ መሣሪያው ግራ ተጋባ፤ ጥይቱም ሳይገኝ ቀረ።

እኛም ዘንድ ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም። መፈተሻው ከትልቁ የብረት በር አጠገብ ተተክሎ፣ ንፋስ በሩን ባወዛወዘው ቁጥር ማንም ሳያልፍ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ ራሱ ያን ያህል ባልከፋ። የከፋው ፈታሾቹ በሁለተኛው ሳምንት ለመዱትና እጃቸውን እያወዛወዙ «ግባ፣ ግባ» ማለታቸው ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ሲዛወር ፀጥ አለ። ሁለት መፈተሻዎች በጣም ተጠጋግተው ከተተከሉም እንዲናበቡ ካልተደረጉ አንዱ ሌላውን ይረብሻል።

ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ማሽኑ ለትንሽ ብረትም እንዲጮህ የሚያደርገውን ልክ፣ እስከ ጥግ ማውጣት ደግሞ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ያኔ ማሽኑ የሚይዘው የቀበቶ ዘለበትና ሳንቲም ነው። ልኩ የሚታወቀው የሚፈለገውን ዕቃ የሚያህል የመሞከሪያ ብረት በቁርጭምጭሚት፣ በወገብና በብብት ከፍታ ይዞ በማለፍ ነው፤ ይኼም በየማለዳው፣ ተማሪ ሳይመጣ።

ቦርሳውን ከልጁ ጋር ማሳለፍ

የተማሪ ቦርሳ ብረት ነው። ላፕቶፕ አለው፣ የብረት ቀለበት ያለው ክላሰር አለው፣ ጃንጥላ፣ የውሃ ቴርሞስ፣ ከሒሳብ መሣሪያው ውስጥ ሹል ኮምፓስ። በልጁ ጀርባ ላይ ሆኖ ካለፈ ማሽኑ የማይጮህበት ልጅ አይገኝም። ቦርሳ በጎን በጠረጴዛ ላይ ይለፍ፤ የሚከፍተውም ሌላ ሰው ይሁን።

ዝግጅቱም የሚጀመረው ማሽኑ ሥር ሳይሆን ከዚያ 10 ሜትር ቀደም ብሎ ነው። አንድ ጠዋት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ስልኩን አወጣ፤ ጮኸ። ቀበቶውን ፈታ፤ ጮኸ። ጫማውን ሊያወልቅ ሲያጎነብስ ሽማግሌው ጥበቃ «የኔ ልጅ፣ አንገትህን እየው እስቲ» አሉት። የቤቱን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሸሚዙ ውስጥ ከቶት ረስቶታል። ከኋላው 14 ልጆች ቆመው ነበር። ከማግሥቱ ጀምሮ ሽማግሌው ከሰልፉ መሃል ቆመው «ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሳንቲም ወደ ቦርሳ!» እያሉ መዞር ጀመሩ፤ ከማንኛውም የተለጠፈ ማስታወቂያ በላይ ሠርቷል። ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቦርሳው ማታ ይደርደር፤ ላፕቶፑ ከላይ ይሁን፣ ውሃውም በፕላስቲክ ይያዝ።

«ማንም ሳይቆም ያልፋል» የሚለውን ማስታወቂያ እንዳለ መዋጥ

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያን ከደብተር እንለያለን፣ ሰልፍም የለም የሚሉ አዳዲስ መፈተሻዎች አሉ። ከመግዛትዎ በፊት የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 እንዲህ ያለ መፈተሻ ስለሚሸጠው ኢቮልቭ ኩባንያ ያወጣውን ያንብቡ። ኮሚሽኑ ኩባንያው ስለ መፈተሻው ችሎታ አሳሳች ነገር ተናግሯል ብሎ ከሰሰ፤ በስምምነቱም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውላቸውን እንዲያፈርሱ ዕድል ተሰጣቸው። በክሱ ከተጠቀሱት አንዱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2022 የሆነው ነው፤ 18 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ቢላ ሳይያዝ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ አንድ ተማሪ ተወጋበት። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ ሴንሲቲቪቲውን ከፍ ሲያደርገው የሐሰት ጩኸቱ 50 በመቶ ደረሰ። ከሁለት አንዱ ማለት ነው፤ ከላይ በሠራነው ሒሳብ ስንት ፈታሽ እንደሚጠይቅ አስሉት።

ሌሎቹን በሮች መርሳት

ዋናው በር ላይ ሰልፍ ሲረዝም የጎን በር በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ሁልጊዜም። ድንጋዩን ያስቀመጠው ልጅ ብቻ አይደለም፤ እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ የቸኮለ መምህር ነበር።

ሁሉንም ልጅ አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት

ዊልቸር ሁሌም ያስጮሃል፤ የዊልቸር ተጠቃሚውን በየቀኑ በማሽኑ እየመለሱ መሞከር ድካም ብቻ ነው፤ በቀጥታ በእጅ ይፈተሽ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ተማሪ በተለመደው እርምጃ ማለፍ ይችላል፤ ማሽኑ ሥር ግን አይቁም፣ አይደገፈውም፣ የእጅ መፈተሻውም ደረቱ ላይ አይቆይ። ይኼ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከወላጅ ጋር ተነጋግሮ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ልጁ በሰልፍ ፊት ሕመሙን እንዲያስረዳ መጠየቅ የለበትም። ለሴት ልጆች ሴት ፈታሽ መኖር አለባት፤ አንዲት ብቻ ካለችና እሷ የቀረች ቀን የሴቶቹ ሰልፍ ይቆማል።

በሰልፍ የጠፋውን ጊዜ ተማሪው ላይ መጻፍ

አንዲት ልጅ 1:45 ላይ ሰልፍ ያዘች። እኔ ነኝ ያየኋት። ክፍል የደረሰችው 2:08 ላይ ነው፤ መምህሯም «አርፋጅ» ብሎ መዘገባት። ሦስተኛዋ ስለነበረ ለቤተሰቧ ደብዳቤ ተጻፈ። በማግሥቱ በር ላይ «በጊዜ ብመጣም ባረፍድም አርፋጅ ከተባልኩ ለምንድነው በማለዳ የምነሳው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት 1:55 ላይ መምጣት ጀመረች። እንደሷ ያሰቡት ብዙ ነበሩና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግፊያ ባሰበት።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ለማስፈቀድ ግን አንድ ወር ፈጅቶብናል። ደወሉ ሲደወል አንድ ሰው ቢጫ ወረቀቶች ይዞ ከሰልፉ ጅራት ይቆማል። በዚያች ደቂቃ ከሱ ፊት ላለው ልጅ ሁሉ አንዳንድ ያድላል፤ ወረቀቱን ለመምህሩ ያሳየ አርፋጅ ተብሎ አይጻፍም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አርፋጅ ነው። ወረቀቶቹ ጠዋት ተቆጥረው ስለሚሰጡ፣ የተረፈው ተመልሶ ሲቆጠር በደወል ሰዓት ስንት ልጅ ውጭ እንደነበር በየቀኑ ይታወቃል። እኛ ያንን ቁጥር በር ጠባቂው ክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር እንጽፈው ነበር።