ከቤታቸው በታገቱ እናት ጉዳይ ላይ መላምት ሲሰነዝሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ14 ላይ የ68 ዓመቷ አን-ኤሊዛቤት ሀገን ከአንድ የቤተሰባቸው አባል ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን የሰማ ሰው አልተገኘም። ቤታቸው ከኖርዌይ ዋና ከተማ ከኦስሎ ወጣ ብሎ በሎሬንስኮግ ነው። ባለቤታቸው ቶም ሀገን በኤሌክትሪክ ንግድና በሪል እስቴት ሀብት ያፈሩ፣ ከአገሪቱ ባለጸጎች የሚቆጠሩ ሰው ናቸው። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስታቸው የሉም። የጠበቃቸው በተሰባበረ ኖርዌይኛ የተጻፈ ወረቀት ነው፦ 9 ሚሊዮን ዩሮ፣ ያውም ዱካውን መከታተል በሚያስቸግር ሞኔሮ በተባለ ዲጂታል ገንዘብ ይከፈል፤ ለፖሊስ ከተነገረ ግን ሴትየዋ ይሞታሉ።

በጁን 2019 ፖሊስ ዋና መላምቱን ከእገታ ወደ ግድያ ቀየረ። በኤፕሪል 28 ቀን 2020 ባለቤታቸውን አሰረ። እሳቸው ከደሙ ንጹሕ ነኝ አሉ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በእስር ለማቆየት የሚበቃ ጥርጣሬ የለም ብሎ አስለቀቃቸው። ሴትየዋ በሕይወትም ሆነ በሞት አልተገኙም። የተፈረደበትም ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ማን ነው? እንዴት በገዛ ቤታቸው? የሚለው ጥያቄ ከአዘኔታ የሚነሳ ስለሆነ ጥያቄውን አልነቅፍም። ዛሬ እነዚህ ጉዳዮች በአማርኛም በዩቲዩብና በቲክቶክ ይተረካሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ትረካው የሚያበቃው አንድ ሰው ላይ ጣት ቀስሮ ነው። ጣት የተቀሰረበት ሰው ደግሞ ስም፣ ልጆችና መሥሪያ ቤት አለው። በማግሥቱ ተነስቶ ሥራ መሄድ አለበት።

የተነገረንን ያለው ሁሉ አድርጎ መውሰድ

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ የሚወለዱት ከዚህ ነውና። የሎሬንስኮጉን ጉዳይ ሕዝብ የሰማው ጃንዋሪ 9 ቀን 2019 ነው። ያኔ ምርመራው አስር ሳምንት አስቆጥሮ ነበር። በማግሥቱ «ፖሊስ ይህን እንዴት አላየም?» ብሎ የተነሳ ሰው ምናልባት በኖቬምበር ተጣርቶ የተዘጋ ነገር እየጠየቀ ነበር። መርማሪ የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም፤ አለመናገሩም ሥራው ነው።

ለምን እንደሆነ ከአንድ የቆየ ጉዳይ ማየት ይቻላል። በማርች 1932 የአሜሪካዊው አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ከቤቱ ሲሰረቅ፣ አጋቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የተቆላለፉ ክቦችና ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት ምልክት ነበራቸው። የእውነተኛውን ደብዳቤ ከአጭበርባሪ የሚለየው ያ ምልክት ነበር። አጭበርባሪ ደግሞ አልታጣም፤ ጋስተን ሚንስ የተባለ የቀድሞ መርማሪ ሕፃኑን አስመልሳለሁ ብሎ ከአንዲት ባለጸጋ ሴት ከ100,000 ዶላር በላይ ወስዷል። እንዲህ ያለው ምልክት አደባባይ ቢወጣ ማንም ብዕር ያለው ሰው «እኔ ዘንድ ናቸው» ማለት ይችላል። ስለዚህ በተሰጠን መረጃ መሐል ክፍተት ስናይ፣ ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ ሊሆን ይችላል። አማተር ተንታኝ ግን ያንን ክፍተት በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግምቱን ራሱን እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። «ማስታወሻው በደካማ ቋንቋ ተጽፏል፤ ስለዚህ የውጭ አገር ሰው ነው» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ሆን ብሎ ያበላሸው የአገሬው ሰው ነው» ይላል። ወረቀቱ ለሁለቱም እኩል ይስማማል፤ ይህም ብቻውን ለማንም ማስረጃ እንደማይሆን ያሳያል።

ሐዘንን ከፊት ላይ ማንበብ

«እናቱ ጠፍታ እንዲህ ተረጋግቶ ይናገራል?» የሚለው ፍርድ እኛ ዘንድ በተለይ ይፈጥናል። ለቅሶ በድምፅ፣ በሙሾ፣ ደረት በመምታት በሚገለጽበት ቤት ያደገ ሰው፣ ካሜራ ፊት ቆሞ ከወረቀት እያነበበ የሚማጸን ፈረንጅ ሲያይ ልቡ ቅር ይለዋል። ነገር ግን በእገታ ጊዜ ቤተሰብ የሚናገረው ቃል ብዙ ጊዜ ከመርማሪዎች ጋር ተመክሮበት የተዘጋጀ ነው። የታገቱትን በስም ደጋግሞ መጥራት፣ መድኃኒት እንደሚወስዱ መጥቀስ፣ ቁጣ አለማሳየት ይመከራል፤ ንግግሩ ለእኛ ሳይሆን ለአጋቹ ጆሮ የታሰበ ነውና። እኛ የጎደለ እንባ ስንቆጥር፣ እነሱ እናታቸውን የያዘው ሰው እንዳይደነግጥ እየተጠነቀቁ ነው።

ከፊት የተነበበ ፍርድ የት እንደሚያደርስ ሊንዲ ቻምበርሌይን ታውቀዋለች። በኦገስት 1980 በአውስትራሊያ ኡሉሩ አጠገብ ከቤተሰቧ ጋር በድንኳን ሳለች፣ የዘጠኝ ሳምንት ሕፃኗን አዛሪያን ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ወሰደባት። እናቲቱ በቴሌቪዥን ቀረበች፤ ረጋ ብላ ተናገረች፤ አገሩም እንዴት አታለቅስም አለ። በ1982 በግድያ ጥፋተኛ ተብላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። መኪናቸው ውስጥ የተገኘው የሕፃን ደም ነው የተባለው ነገር ኋላ ሲጣራ፣ ድምፅ ለማፈን በፋብሪካ የተረጨ ኬሚካል ሆነ። በ1986 የሕፃኗ ልብስ ዲንጎዎች በሚኖሩበት አካባቢ ሲገኝ ከእስር ወጣች። የሕፃኗ ሞት መንስኤ ዲንጎ መሆኑ በይፋ የተረጋገጠው ግን በ2012 ነው፤ ከ32 ዓመት በኋላ። የፈረዱባት ጎረቤቶቿ ብቻ አልነበሩም፤ ዳኞችና ባለሙያዎችም ነበሩበት። ባለሙያ እንዲህ ከተሳሳተ፣ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ «ይህ ፊት ይዋሻል» የሚል ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም።

ያልተረጋገጠ መርዶ ማርዳት

በእኛ ወግ መርዶ ማንም እንደፈለገ የሚናገረው ነገር አይደለም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ የሚናገረው ሰው ተለይቶ፣ የሚረዳው ሰው የሚደግፈው አጠገቡ መኖሩ ታይቶ ነው። ይህን ወግ የሚያከብር ሰው የማያውቃቸውን እናት «በሕይወት የሉም፤ ያበቃ ነገር ነው» ሲል ሳስተውል ያመኛል። ልጆቻቸው ይህን ያነባሉ፤ ይሰማሉ። አማርኛ ባያውቁም ዛሬ ስልኩ ይተረጉምላቸዋል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። በጁላይ 24 ቀን 2012 ጠዋት፣ በሜሪላንድ ግዛት አበርዲን በምትባል ከተማ፣ የ74 ዓመቷን ቫይ ሪፕከንን መሣሪያ የያዘ ሰው ከቤታቸው አስገድዶ በገዛ መኪናቸው ወሰዳቸው። በተከታታይ 2,632 ጨዋታ በመሰለፍ ክብረ ወሰን የያዘው የቤዝቦል ተጫዋች የካል ሪፕከን እናት ናቸው። በማግሥቱ ማለዳ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ በመኪናቸው የኋላ መቀመጫ ላይ እጃቸው ታስሮ፣ በሕይወት ተገኙ። ከዚያ በኋላም ዓመታት ኖረው በ2021 አረፉ። ያገታቸው ሰው ግን፣ 100,000 ዶላር ወሮታ ተመድቦ እንኳ፣ እሳቸው እስካረፉ ድረስ አልተያዘም።

«ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ከዚያ ወንጀለኛ መሥራት

የሪፕከን ጉዳይ እዚህም ይረዳናል። ልጃቸው ሀብታምና ዝነኛ ስለሆነ «ለገንዘብ ነው» ማለት ቀላል ነበር፤ ገንዘብ የጠየቀ ግን የለም። ከዚህ የሚብሰው የለንደኑ ነው። በዲሴምበር 29 ቀን 1969 ሙሪየል መኬይ የተባሉ የ55 ዓመት ሴት ዊምብልደን ከሚገኘው ቤታቸው ታገቱ። አጋቾቹ የፈለጉት እሳቸውን አልነበረም፤ የጋዜጣ ባለቤቱን የሩፐርት መርዶክን ሚስት ነበር። የመርዶክን ኩባንያ ሮልስ ሮይስ መኪና ተከትለው ሲሄዱ መኪናውን በዚያን ሰሞን የሚጠቀምበት የመኬይ ባል ነበርና ወደ እሱ ቤት ደረሱ። በእሳቸው ሕይወት ውስጥ ጠላት፣ የውርስ ጠብ ወይም የተደበቀ ነገር ለመፈለግ ዓመት ሙሉ የቆፈረ ሰው ምንም አያገኝም ነበር፤ ነገሩ ከእሳቸው ሕይወት ጋር ግንኙነት አልነበረውምና። ሁለት ወንድማማቾች በ1970 ተፈረደባቸው። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በ2024 በሃርትፎርድሽር አንድ እርሻ ላይ እንደገና ተቆፍሮም ባዶ ሆነ።

ቁልፍ ያለውን ሁሉ ሌባ ማድረግ

ፖሊስ ምርመራውን ከቤተሰብና ወደ ቤቱ ከሚገባ ሰው ይጀምራል። ይህ የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ ቅርቡን አጣርቶ ወደ ሩቁ ለመሄድ ነው። እኛ ግን «ተጠየቀ» ሲባል «ተጠረጠረ»፣ «ተጠረጠረ» ሲባል «አደረገ» ብለን እናወራለን። የኖርዌዩ ባል ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ አልተፈረደባቸውም። ስለ እሳቸው ሲነገር ግን የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው የሚነሳው።

ከቤተሰብ ቀጥሎ የሚነሳው ስም የተንከባካቢዋ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ገዛ ቤታችን ይገባል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስንት እህቶቻችን ናቸው አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከቡ የሚኖሩት! የቤቱን ቁልፍና የማንቂያውን ኮድ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት፣ ልጆቹ መቼ እንደሚመጡ ያውቃሉ። ሥራው ይህን ማወቅ ይጠይቃል። «ውስጥ አዋቂ መሆን አለበት፤ ሠራተኛዋን ነው መያዝ» የሚል መላምት በአማርኛ ስንወረውር፣ ነገ በእንግሊዝኛ እኛኑ የሚመታ ልማድ እያጸናን ነው። በስደት የምትኖር ሴት ስሟ አንዴ ከተነሳ ኤጀንሲው ምክንያት ሳይነግራት ፈረቃዋን ሊያቆም ይችላል። ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ የላትም፤ አገር ቤት የሚጠብቋት አሉ። ሐቁ ኋላ ቢወጣ እንኳ ያጣችውን የሚመልስላት የለም።

ከደብዛዛ ምስል ሰው መለየት

ይህ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በኤፕሪል 2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ፣ ሰዎች በኢንተርኔት ፎቶ እያመሳሰሉ ከአንድ ወር ገደማ በፊት ጠፍቶ የነበረን ተማሪ ወንጀለኛ ነው አሉ። ወጣቱ በጥቃቱ ምንም እጅ አልነበረውም፤ ኋላ አስከሬኑ ተገኘ። ልጃቸውን እየፈለጉ የነበሩ ወላጆች በዚያው ሰሞን የስድብና የዛቻ መዓት ወረደባቸው። በር ላይ የተሰቀለ ካሜራ፣ ያውም በጨለማ የቀረጸው፣ ቁመትንና ውፍረትን ያዛባል። አንድ ሰው «አረማመዱ ያው ነው» ቢል ዓይኑ የሚያየው ልቡ አስቀድሞ የመረጠውን ነው።

ቦታው ድረስ ሄዶ «መርዳት»

በጃንዋሪ 2023 በእንግሊዝ ላንካሽር ኒኮላ ቡሊ የተባለች የ45 ዓመት እናት ውሻዋን ይዛ ወንዝ ዳር ስትሄድ ጠፋች። ፖሊስ ወንዝ ገብታለች ብሎ ገመተ። ብዙ ሰው አላመነም፤ ካሜራ ይዞ ወደ መንደሩ የጎረፈው ብዛቱ ፖሊስ ሰዎችን ከአካባቢው እንዲበተኑ እስከማዘዝ አደረሰው። ሰዎች የባዶ ቤት ግቢ ገብተው ፈተሹ፤ አጋሯን ወነጀሉ። አስከሬኗ በፌብሩዋሪ 19 እዚያው ወንዝ ውስጥ ተገኘ፤ በጁን ደግሞ በድንገተኛ አደጋ ሰጥማ መሞቷ በይፋ ተወሰነ። መርማሪ በዚህ ሁሉ መሐል ወሬ ለማጣራት ያጠፋው ሰዓት ከፍለጋው የተቀነሰ ነው።

በእርግጥ ያየነው ነገር ካለ ግን ዝም ማለትም ስህተት ነው። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ያለፈ መኪና፣ ለሳምንት ሰፈሩን ሲዞር የነበረ እንግዳ፣ ወይም የራሳችን በር ካሜራ የቀረጸው ነገር ሊሆን ይችላል። የቤት ካሜራ አሮጌውን ቅጂ በራሱ ጊዜ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ቪዲዮውን ማስቀመጥ፣ የካሜራው ሰዓት ትክክል መሆኑን መመዝገብ፣ ከዚያ ለማንም ሳያጋሩ ለፖሊስ መስጠት ነው። ያየነውንና የገመትነውን ለይተን እንናገር፤ «ነጭ ቫን አየሁ» እና «አጋቹ ነጭ ቫን አለው» የተለያዩ ናቸው። አሜሪካ ላለ ሰው የኤፍ.ቢ.አይ. መስመር 1-800-225-5324 ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይተዉት፤ በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአስተርጓሚ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ አማርኛም አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።