ድረ ገጽዎን ሲፈትሹ ከእነዚህ ስህተቶች ይጠበቁ

ጅማ ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሠራው በዝቷል፤ የእንግዳ ማረፊያው፣ ቡና ላኪው፣ ማር ነጋዴው፣ የበርጩማና የቤት ዕቃ ባለሙያው፣ የግል ክሊኒኩ። ገጹ ካለቀ በኋላ «እንዴት እናሻሽለው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የአጠቃቀም ፍተሻ ነው፤ ሰው አስቀምጦ ገጹን ሲጠቀም ማየት። ሌላው ኤቢ ቴስት የሚባለው ነው፤ ጎብኚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ የድሮውን፣ ለግማሹ አዲሱን ገጽ ማሳየትና ውጤቱን ማነጻጸር። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ብዙ ጊዜና ገንዘብ ሲባክን የማየው ግን ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ነው። በእኛ ከተማ መጠን ለሚሠራ ንግድ መጀመሪያ ዓይን ይቅደም፣ ቁጥር ይከተል ባይ ነኝ።

«ከቀየርነው ወዲህ ሽያጭ ጨመረ» ማለት

ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። ገጹ መስከረም ላይ ይቀየራል፤ ኅዳር ላይ ትእዛዝ ጨምሮ ይገኛል፤ ምስጋናው ሁሉ ለአዲሱ ዲዛይን ይሆናል። ነገር ግን በጅማ ዙሪያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ወቅት ነው። በየቤቱ ገንዘብ ይገባል፣ ነጋዴው ይንቀሳቀሳል፣ አልጋ ይያዛል። ገጹን ማንም ባይነካውም ትእዛዙ መጨመሩ አይቀርም ነበር። ለውጡ ክረምት መግቢያ ላይ ተደርጎ ቢሆን ደግሞ ጥሩው ዲዛይን በዝናቡ ጥፋት ይወቀስ ነበር።

መድኃኒቱን የሚያውቁት ሰዎች እዚሁ አጠገባችን አሉ። 74110ንና 74112ን የመሳሰሉ የቡና ዝርያዎች የወጡት መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። እንዲህ ባለ ምርምር አንዱ ዝርያ ዘንድሮ፣ ሌላው ከርሞ ተተክሎ አይወዳደርም። ሁሉም በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዝናብ፣ መደቡ በዕጣ ተደልድሎ ነው። ይህን አሠራር መልክ ያስያዘው የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ። የዛሬው ኤቢ ቴስት የተወለደው ከዚያ ማሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ገጾች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ካልሄዱ የተደረገው ለውጥ ነው እንጂ ሙከራ አይደለም።

ጎብኚው ሳይበቃ ውጤት ማወጅ

እንበልና አንድ የእንግዳ ማረፊያ ገጽ በሳምንት 300 ጎብኚ አለው፤ ከመቶው 2 ሰው አልጋ ይይዛል። አዲሱ ገጽ ይህንን ወደ 3 ማሳደጉን በተለመደው መለኪያ፣ ማለትም ልዩነት ሳይኖር አለ ብሎ የመሳሳት ዕድሉ 5 በመቶ፣ ልዩነቱ ካለ ደግሞ የማግኘት ዕድሉ 80 በመቶ እንዲሆን አድርጎ፣ ለማረጋገጥ ለእያንዳንዱ ገጽ ወደ 3,800 ጎብኚ ያስፈልጋል። ለሁለቱ 7,600 መሆኑ ነው። በሳምንት 300 ሲካፈል 25 ሳምንት ይመጣል፤ ግማሽ ዓመት። ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሠራ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ኤቢ ቴስት አይጀምርም። ያልሠራው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ «7 ለ 4» የሚል ውጤት ይዞ አሸናፊውን ያውጃል።

ውጤቱን በየቀኑ እየከፈቱ ማየት ነገሩን ያባብሰዋል። ሙከራው 5 በመቶ ብቻ እንዲያሳስት ተብሎ ቢነደፍም፣ በመሀል 10 ጊዜ እያዩ «አሸነፈ» ባለበት ለማቆም ከተዘጋጁ፣ አንድ ዓይነት በሆኑ ሁለት ገጾች መካከል እንኳ የሐሰት አሸናፊ የማግኘት ዕድልዎ ወደ 19 በመቶ ይወጣል። የጎብኚውን ብዛት አስቀድመው ወስነው ይጻፉ፤ እስኪሞላ ይታገሡ። ሙከራው የሚያልቀውም ሙሉ ሳምንት ሲሞላ ይሁን። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው፤ የሐሙስ ጎብኚና የእሑድ ጎብኚ ፍላጎታቸው አንድ አይደለም። ረመዳን ወይም ሁዳዴ በመሀል ከገባም በማስታወሻ ይያዝ።

ጎብኚ ከሌለስ? ሰው ማስቀመጥ ነዋ። የአጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት መሠረት አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን የአጠቃቀም ችግር ያጋልጣል፤ አምስት ሰዎች 85 በመቶ ገደማውን ያወጡታል። አምስቱ ተቀራራቢ ተጠቃሚዎች መሆን አለባቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የመርካቶ ነጋዴ ለየብቻ ቢፈተኑ ይሻላል። አምስት ሰው ደግሞ ጅማ ውስጥ በአንድ ቀን ይገኛል።

ተፈታኙን መርዳት፣ ከዚያ «ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ

በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ገጽ ላይ ያየሁትን ልንገርዎ። ልጃቸው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊመረቅላቸው የተቃረበ፣ ከአጋሮ የመጡ አባት የራሳቸውን ስልክ ይዘው ተቀመጡ። «ጋሼ፣ ለምረቃው ሁለት አልጋ እንደሚይዙ አድርገው ይሞክሩት፤ የሚፈተነው ገጹ ነው፣ እርስዎ አይደሉም» ተባሉ።

ስማቸውን ሞሉ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡና የባለቤታቸውንና የልጆቻቸውን ስም በተራ መጻፍ ጀመሩ። ቀን ላይ ሐምሌ 5ን ፈልገው ጁላይ 5ን ነኩ፤ ሐምሌ 5 ጁላይ 12 ስለሆነ የተመረጠው ቀን ከምረቃው አንድ ሳምንት ቀደመ። መድረሻ ሰዓት ላይ 2:00 መረጡ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው፣ ሲስተሙ ግን የሌሊቱን ስምንት ሰዓት መዘገበ። በመጨረሻ ስልክ ቁጥራቸውን አስገቡ። በ07 የሚጀምር ነበር፤ ፎርሙ 09ን ብቻ ስለሚያውቅ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ብሎ መለሳቸው። የማረፊያው ባለቤት በዚህ ሁሉ መሀል ጣቱን ወደ ስክሪኑ ሊልክ እየሰነዘረ አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ይይዘው ነበር።

«እንዴት አዩት ጋሼ?» ሲባሉ ምን አሉ? «በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።» አልጋ ግን አልያዙም።

ይሉኝታ ያለበት ሰው በባለቤቱ ፊት ሥራውን አያጣጥልም፤ የሰውን ልፋት ማክበሩ ነው። ስለዚህ አስተያየት አይጠይቁ፤ ያደረጉትን ይመዝግቡ። የት ቆሙ? ምን ነኩ? ወደ ኋላ የተመለሱት ከየት ነው? ሲቸግራቸው ዝም ይበሉ። ዝምታው ካስጨነቀዎ «አሁን ምን ያስባሉ?» ብቻ ይበቃል። ከተቻለ ባለቤቱና ገጹን የሠራው ልጅ ከክፍሉ ይውጡ።

ለእነዚህ አራት ችግሮች ኤቢ ቴስት አያስፈልግም፤ «የቤተሰብ ስም»ን ወደ «የአባት ስም» መቀየር፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማሳየት፣ «ጠዋት» እና «ከሰዓት» ማለት፣ 07ን መቀበል። ቁጥር ቢሆን ኖሮ ፎርሙን የሚጨርሰው ሰው ጥቂት መሆኑን ይነግረን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

በአማርኛ ብቻ፣ በጥሩ ስልክ ብቻ መፈተን

የጅማ ደንበኛ ግማሽ ጨዋታውን በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጫወተው። ገጹ ሁለቱንም ቋንቋ ይዞ ፍተሻው በአማርኛ ብቻ ከተደረገ የአፋን ኦሮሞው ገጽ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው። ቃላቱ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉና ስለሚረዝሙ ከቁልፉ አልፈው ሲወጡ፣ ሜኑው ሁለት መስመር ሲሆን የሚታየው እዚያ ነው። ፈታኙም ቋንቋውን የሚችል ይሁን፤ ሰው ሲቸገር ለራሱ የሚያጉረመርመው በአፍ መፍቻው ነውና።

ስልኩም እንደዚሁ። በቢሮ ዋይፋይና በላፕቶፕ ያማረ ገጽ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ቴክኖ ላይ፣ በሞባይል ዳታ፣ ሌላ ገጽ ነው። ተፈታኙ የራሱን ስልክ ይጠቀም፤ የዳታውን ወጪ እርስዎ ይሸፍኑ።

ክሊክ ቆጥሮ ሽያጭን መርሳት

እዚህ ብዙ ንግድ የሚያልቀው ገጹ ላይ ሳይሆን በስልክና በቴሌግራም ነው። «ይደውሉ» የሚለውን የነካው ሁሉ አይደውልም፤ የደወለውም ሁሉ አይገዛም። ደህና ጎብኚ ኖሮዎት ኤቢ ቴስት ካካሄዱ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለት ሲም ካርድ ያውጡ፤ አንዱን ቁጥር በአንደኛው ገጽ፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ ያስቀምጡ። ስልክ አንሺዋ በየትኛው ቁጥር እንደተደወለና ገዢው ቀብድ በቴሌብር መላኩን ደብተር ላይ ትጻፍ። ለዚህ ግን አንድ ጎብኚ ሲመለስ ያንኑ ገጽ ማግኘት አለበት፤ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ካየ ቆጠራው ይደባለቃል።

በቁልፍ ቀለም መጀመር

ጉግል 41 ዓይነት ሰማያዊ ቀለም እንደፈተነ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰፊው ተወርቷል። ለእሱ ጎብኚ ብዛት ትንሿም ልዩነት ትቆጠራለች። ለቤት ዕቃ ሠሪው ግን ዋጋን መጻፍ ወይም አለመጻፍ፣ የዕቃው ፎቶ ከሰው አጠገብ ሆኖ መጠኑ መታየቱ፣ አዲስ አበባ ድረስ ማጓጓዣው ስንት እንደሆነ መገለጹ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ሌላም አለ፤ የኤቢ ቴስት መሣሪያ የነበረውን ጉግል ኦፕቲማይዝን የሚያስተምሩ የቆዩ ቪዲዮዎችን እየተከተሉ የሚደክሙ አሉ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ተዘግቷል፤ ጊዜዎን አያጥፉበት።

ሳይጽፉ ማለፍ

ገጹን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ባለቤቱ እጅ የሚቀረው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። የሚተካው ባለሙያ ያንኑ «የቤተሰብ ስም» መልሶ ያመጣዋል። ለእያንዳንዱ ፍተሻ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሁለቱ ገጾች ስክሪንሾት፣ የተፈታኝ ወይም የጎብኚ ብዛት፣ የታየው ነገር፣ የተቀየረው ነገር። ልዩነት ያላሳየውም ሙከራ ይጻፍ። የሰው ድምፅ ወይም ስክሪን ከቀረጹ ፈቃድ መጠየቅዎንም ይጻፉ፤ ፋይሉ ከሥራው ውጭ ለማንም አይላክ።