ሲታጠፍ እንጨቱን የሚነካ የድሮ ምላጭ

ለድሮ ታጣፊ የጢም ምላጭ አዲስ የእንጨት እጀታ ሠርታችሁ፣ ሲታጠፍ ስለቱ መሃል አልገባም ብሎ አንዱን ጎን እየነካ ካስቸገራችሁ ይቺ ለእናንተ ናት። እኔን ቀናት በልታብኛለች።

መጀመሪያ የማጠፊያውን ፒን በመዶሻ አጠበቅኩት። ምላጩ ለመክፈት ከበደ እንጂ ቦታውን አልቀየረም። ቀጥሎ የእንጨቱን ውስጠኛ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፤ እጀታውን ከማሳሳት ውጪ የፈየደው ነገር የለም። በእንፋሎት ማጣመምም ሞከርኩ፣ በማግስቱ ወደነበረበት ተመለሰ።

የሠራው ይሄ ነው። የፒኑን ራስ በሞረድ በልቼ አወጣሁት። ከዚያ አዲስ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት በሁለቱም ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር ገጥሜ፣ አንድ ላይ፣ በቋሚ ድሪል በ1.6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በሳኋቸው። የእጅ ድሪል እዚህ ላይ አይታመንም፤ ቀዳዳው ትንሽ ካዘነበለ ፒኑም ያዘነብላል፣ ምላጩም ተከትሎት ይሄዳል። አዲሱን ፒን ከመቀጥቀጤ በፊት ደግሞ ምላጩን ከእጀታው ጋር በቀጭን ብሎንና ዳዶ ለጊዜው አሰርኩት። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ብሎን ይፈታል፣ የተቀጠቀጠ ፒን ግን እንደገና ሞረድ ይፈልጋል። አሁንም በትንሹ ወደ ግራ ያደላ ነበር። ከማጠፊያው ተቃራኒ ጫፍ ላይ በሁለቱ እንጨቶች መሃል ያለውን ሽብልቅ በአንድ ጎኑ ትንሽ ሳሳሳው መሃል ገባ። ያኔ ብሎኑን በነሐስ ፒን ተካሁና ሮንዴላ አድርጌ በቀላል ምት ቀጠቀጥኩት።

እንጨቱን ዘይት መቀባት ከመግጠም በፊት ይለቅ፣ በኋላ ውስጡ አይደረስበትም። ስለቱን ደግሞ ገና ሥራ ሳትጀምሩ በፕላስተር ጠቅልሉት።