የአንድሮይድ አፕ ምስል ከስልክ ስልክ እንዳይበላሽ እንዴት ይዘጋጃል?

በእርስዎ ስልክ ጥርት ያለው አይከን በሌላ ሰው ስልክ አንሶ ወይም ደብዝዞ ከታየ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመለኪያ ነው። እኩል ስፋት ካላቸው ሁለት ስክሪኖች አንዱ በኢንች 160፣ ሌላው 480 ፒክስል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በፒክስል (ስክሪኑን በሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ሳይሆን በዲፒ (dp) ይለኩ፤ ይህ ከስክሪኑ ጥራት ጋር የሚስተካከል የአንድሮይድ መለኪያ ነው። አንድ ዲፒ በመጀመሪያው ስክሪን 1፣ በሁለተኛው 3 ፒክስል ይሆናል።

አይከንና ቀላል ሥዕል ከሆነ በቬክተር፣ ማለትም በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ በሚገለጽ ሥዕል፣ ይሥሩት፤ ቢያድግም ቢያንስም ጠርዙ አይሻክርም። አፕ በሚሠራበት ፕሮግራም በአንድሮይድ ስቱዲዮ «ቬክተር አሴት» በሚለው በኩል የኤስቪጂ (SVG) ፋይሉን፣ ማለትም የቬክተር ሥዕሉን፣ ማስገባት ነው። ከ200 ዲፒ በላይ ለሚሰፋ ሥዕል ግን ቬክተር አይመከርም፣ ስልኩን ያዘገየዋል።

ፎቶ ቬክተር አይሆንም። ለእሱ በየስክሪኑ ጥራት ልክ ቅጂ ያዘጋጁ፦ 48 ዲፒ የሆነ ምስል በ48፣ 72፣ 96፣ 144 እና 192 ፒክስል ይቀመጣል። ሁልጊዜ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይውረዱ፤ ትንሹን መለጠጥ ያለቀ ወጥን በውሃ ማብዛት ነው።

አሁን ፎልደሩን ልብ ይበሉ፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው። የአፑ ምስሎች የሚቀመጡት «ድሮዌብል» (drawable) በሚባል ፎልደር ነው፤ ከስሙ ኋላ የሚጨመረው ቅጥያ ምስሉ ለየትኛው ስክሪን እንደሆነ ይናገራል። ምንም ቅጥያ በሌለው «ድሮዌብል» ፎልደር የገባን ምስል አንድሮይድ የ160 ስክሪን ምስል አድርጎ ይቆጥረዋል። በ480 ስክሪን ላይ ወደ ጎንም ወደ ታችም 3 ጊዜ ይለጥጠዋል፤ ሜሞሪው 9 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 1080 በ1920 የሆነ ፎቶ ለብቻው 8 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ሲለጠጥ ወደ 75 ይጠጋል። አነስተኛ ሜሞሪ ባለው ስልክ አፑ ድንገት የሚዘጋው በዚህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ለ480 ስክሪን በሆነው «ኤክስኤክስኤችዲፒአይ» (xxhdpi) በሚለው ቅጥያ ያስቀምጡ፤ ጭራሽ መለጠጥ የሌለበት ከሆነ ደግሞ «ኖዲፒአይ» (nodpi) የሚል ቅጥያ አለ።

የአፑ መክፈቻ አይከን የራሱ ሕግ አለው። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ስልኩ አይከኑን እንደፈለገ ክብ ወይም አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጠዋል። ጀርባውንና ፊቱን ለየብቻ በ108 ዲፒ ይሥሩ፤ አርማው መሃል ላይ ካለው የ66 ዲፒ ክብ እንዳይወጣ።

ጽሑፍን ከምስል ጋር አያጣብቁ። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ጭረት ምስሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

በመጨረሻ በኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክን በሚያስመስል ፕሮግራም) አንድ ትንሽ ስልክና አንድ ታብሌት ይክፈቱና ይሞክሩ። በእጅዎ ባለው ስልክም ከሴቲንግ የማሳያ መጠኑን ወደ ትልቁ ገፍተው አፑን እንደገና ይዩት።