በባሕር ዳር የሬዲዮ ሞገድ የት ድረስ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማስላት

ከስልክ አንቴና ምሰሶ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ምን ያህል ሞገድ ይደርሰዋል? ይህን ለመገመት የኦኩሙራና ሃታ ቀመር ይበቃል፤ ሞገዱ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚዳከም (ብክነቱን) የሚያሰላ ነው። የተቀዳው ከቶኪዮ ልኬት ስለሆነ ግን ባሕር ዳር ላይ ሳይታረም አይታመንም። የሚሠራውም ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከ30 እስከ 200 ሜትር የአንቴና ከፍታ ባለው ክልል ብቻ ነው። 12 ሜትር ጣሪያ ላይ ለተሰቀለ አንቴናም ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ግን ባዶ ነው።

ብክነት = 69.55 + 26.16 ሎግ(ድ) − 13.82 ሎግ(ከ) + (44.9 − 6.55 ሎግ(ከ)) × ሎግ(ር)

«ድ» ድግግሞሽ በሜጋኸርዝ፣ «ከ» የአንቴና ከፍታ በሜትር፣ «ር» ርቀት በኪሎ ሜትር ነው፤ ሎግ መሠረቱ 10 ነው፣ ብክነቱም በዴሲቤል ይወጣል። ስልኩ 1.5 ሜትር ላይ ሲያዝ የመቀበያው ማስተካከያ ዜሮ ስለሚጠጋ ተትቷል።

በ900 ሜጋኸርዝና በ30 ሜትር ምሰሶ ብክነቱ 1 ኪሎ ሜትር ላይ 126.4፣ 2 ኪሎ ሜትር ላይ 137 ዴሲቤል ይሆናል። ማሰራጫው 43 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የተለካ ኃይል)፣ የአንቴናው ትርፍ (ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ በማሰባሰብ የሚጨምረው) 15፣ የኬብሉ ብክነት 3 ከሆነ 55 ይወጣል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ −82 ዲቢኤም ይደርሳል። ለግድግዳ 10፣ ለጥላ (ሕንፃና ኮረብታ ሲጋርድ) 8 ቀንሱና ቤት ውስጥ −100 ያዙ።

ብዙ ሰው የሚስተው ከፍታው ላይ ነው። አንቴናው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ከተተከለ «ከ» የምሰሶው ቁመት ብቻ አይደለም፤ ከ3 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ካለው መሬት አማካይ በላይ ያለው ከፍታ ነው። ወደ ጣና በኩል ደግሞ ቀመሩን ተዉት፤ ውኃው ሞገዱን ስለሚያንጸባርቅ የከተማ ስሌት አይመጥነውም።

ቀጥሎ በእግር ለኩ። በ900 ሜጋኸርዝ ስልኩን አንድ ስንዝር ብታንቀሳቅሱት ንባቡ 20 ዴሲቤል ሊወድቅ ይችላል፤ ከቆርቆሮውና ከግድግዳው የተመለሰው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ይጠፋፋል። ስለዚህ 13 ሜትር ያህል እየተራመዳችሁ 50 ንባብ ውሰዱና አማካዩን ያዙ። በበጋ ብቻ የተለካ ያታልላል፤ በክረምት የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በተለይ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ፣ የበለጠ ይመጥጣል።

ከተለካው ብክነት (ከ55 ንባቡ ሲቀነስ) የተሰላውን ቀንሱ። የልዩነቶቹን አማካይ ቀመሩ ላይ ደምሩ። የቀረው መበታተን ከ8 ዴሲቤል ከበለጠ አንድ ቁጥር አይበቃም፤ ዛፍ የበዛበትን ሰፈርና መሀል ከተማውን ለየብቻ አርሙ። ከልኬቱ ሲሶውን ሳትነኩ አቆዩ፤ የታረመውን ቀመር የምትፈትኑት በእሱ ነው።