ማሽኑ ከመድረሱ በፊት፦ ጅማ ላይ ጂም ሲያስፋፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃጂ ማክሰኞ ጠዋት ደወሉልኝ። ጂማቸው አባል በዝቶበት ጠቧቸዋል፤ ከበላዩ ያለውን ፎቅ ጨምረው ተከራይተዋል። «ልጄ፣ ማሽኖቹ ከአዲስ አበባ ተጭነዋል፣ ነገ ይገባሉ። መጥተህ የት የት እንደሚቆሙ አሳየኝ» አሉኝ። ሄድኩ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ብርሃን ሞልቶታል፣ ሴራሚኩ ያበራል። «ሃጂ፣ የሻወሩ ውሃ በየት በኩል ነው የሚወርደው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ግድግዳውን ዞር ብለው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ፎቁ ለቢሮ የተሠራ ስለነበር ጥግ ላይ ካለች አንዲት መታጠቢያ በቀር ቧንቧ የሚባል አልነበረውም። ትሬድሚሎቹ በማግስቱ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ገቡ፤ ከዚያ ሁለት ወር ተኩል በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ቆሙ።

እኔ በአሰልጣኝነት ጀምሬ አሁን በጂም አደረጃጀት ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ጅማ ደህና ጂም ያስፈልጋታል። የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የቡና ነጋዴው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለው የባንክ ሠራተኛ፣ ሐኪም «ተንቀሳቀሺ» ብሎ የላካት የስኳር ታማሚ፣ ሁሉም የሚሄዱበት ቦታ ይፈልጋሉ። ለዚህ የወጣ ገንዘብ ሲባክን ማየት ያመኛል። ደግሞ የሚባክነው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ዓይን የሚገባው ነገር ይቀድምና ከግድግዳው ውስጥና ከወለሉ ሥር ያለው ይዘነጋል።

ውሃውን ሳይቆጥሩ ሻወር መጨመር

አንድ መደበኛ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያወርዳል። ሰው ስድስት ሰባት ደቂቃ ቢታጠብ 60 ሊትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። ከምሽቱ 11 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ 50 ሰው ቢታጠብ 3,000 ሊትር ነው፤ ሽንት ቤቱ፣ ጽዳቱና የፎጣው እጥበት ገና አልገቡም። ታዲያ ጣራ ላይ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሰቅለው «ውሃ አለን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ውሃ በጠፋ የመጀመሪያው ምሽት አባሉ ላቡን ይዞ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በወር የሚከፍለው ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ቢያንስ የሁለት ቀን ውሃ ይያዙ። ያን ሁሉ ግን ጣራ ላይ አይጫኑት፤ 5,000 ሊትር ውሃ ብቻውን አምስት ቶን ይመዝናል። ትልቁ ታንከር መሬት ላይ ይቀመጥና ፓምፕ ወደ ላይኛው ትንሽ ታንከር ይግፋ። በሶላር ውሃ የሚያሞቁ ከሆነም ክረምቱን ያስቡ፤ ጅማ ላይ ደመናው ለቀናት ላይገለጥ ስለሚችል በኤሌክትሪክ የሚደግፈው ማሞቂያ ያስፈልጋል።

የሚወጣውን ውሃም አይርሱት። ያ ሁሉ የሻወር ውሃ ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ከገባ ጉድጓዱ በጥቂት ሳምንት ይሞላል፤ ወደ ጎርፍ መውረጃ ከተለቀቀ ደግሞ መጨረሻው ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱ ነው። ለሻወር ውሃ የራሱ ማስረጊያ ጉድጓድ ይቆፈርለት። በኪራይ ግቢ ውስጥ ይህ የሚቻል መሆኑን ውል ከመፈራረምዎ በፊት ከአከራዩ ጋር ይነጋገሩበት።

የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ለመጨረሻ ማቆየት

ወረቀት ይያዙና ይደምሩ። አምስት ትሬድሚል፣ ለእያንዳንዱ 3 ኪሎዋት ቢያዝለት 15። መካከለኛ ሳውና 6፣ የስቲም (የእንፋሎት መታጠቢያው) ማመንጫ 9፣ አራት ውሃ ማሞቂያ በ1.5 ሂሳብ 6፣ መብራቱ፣ ማራገቢያው፣ ሙዚቃውና የጁስ ማሽኑ 4። 40 ኪሎዋት ሆነ። ይህን በቤት ቆጣሪ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ሶስት ፌዝ፣ ማለትም ለከባድ ማሽን የሚሆነውን የሶስት መስመር ኃይል ይፈልጋል፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር መቻሉም መጣራት አለበት። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ትሬድሚል የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ የኧርዝ ሽቦውም በትክክል መታሰሩን ኤሌክትሪሽያኑ በመሣሪያ ለክቶ ያሳይዎት። በማከፋፈያ ገመድ ሶስት ማሽን የተሰካበት ጂም አይቻለሁ። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ቀልጦ ነበር።

ጄኔሬተር ሲገዙ ሁሉን እንዲችል ብለው አያስቡ። መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ማራገቢያውንና ጥቂት ማሽኖችን ከቻለ ይበቃል፤ ሳውናና ስቲም መብራት እስኪመጣ ይቆዩ። ቦታውን ግን በጥንቃቄ ይምረጡ። ጭሱ በመስኮት ወደ አዳራሹ ከገባ፣ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ከማንም በላይ መርዙን ይስባል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ፎቁን ሳያስጠኑ ክብደት መጫን

የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሠራ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ታስቦ ነው። የስፖርት አዳራሽ ግን እስከ 500 ኪሎ ይታሰብለታል። ለመኖሪያ ወይም ለቢሮ በተሠራ ሶሌታ ላይ የእግር መግፊያ ማሽን ከነክብደቱ ሲቆም፣ ከላይ ደግሞ ባርቤል ሲወረወር ምን እንደሚሆን መሐንዲስ ሳይጠየቅ መገመት አይገባም። የሕንፃው ፕላን ካለ ያስመርምሩት፤ ከሌለ መሐንዲሱ ኮለኖቹና ቢሞቹ ያሉበትን ያሳይዎትና ከባዱን ነገር ወደዚያ ያስጠጉ።

የምሠራበት አንድ ጂም ከጥርስ ክሊኒክ በላይ ነበር። ነፃ ክብደቱን (ባርቤሉንና ዳምቤሉን) ያስቀመጥነው እኔ በመረጥኩት ቦታ፣ መስታወቱ ጥሩ በሚያሳይበት በኩል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ መርፌ ይዤ ታካሚ አፍ ውስጥ ነኝ። ከላይ ሲወድቅ እጄ ይደነግጣል» አለኝ። በዚያው ምሽት ክብደቱን በሙሉ ወደ ምድር ቤት አወረድነው። ከዚያ ወዲህ ነፃ ክብደት ከምድር ቤት ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ መክሬ አላውቅም። ላይኛው ፎቅ ለትሬድሚል፣ ለብስክሌት፣ ለዮጋና ለመለጠጫ ይሁን። ክብደት የሚነሳበት ወለል ላይ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ይነጠፍ፤ ቀጭኑ ምንጣፍ ሴራሚክ አያድንም። መስታወቱም ከወለሉ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምር፣ የሚንከባለል ዳምቤል እንዳይሰብረው።

የጅማን ዝናብ መርሳት

ብዙ ጊዜ የጂም ዲዛይን የሚቀዳው ከዱባይ ወይም ከቦሌ ፎቶ ነው። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት፣ አየሯ እርጥብ የሆነ ከተማ ናት። ይህ ሁሉንም ነገር ይለውጣል።

ከበሩ እንጀምር። ሐምሌ ላይ ከመርካቶ ወይም ከቆጪ በእግሩ የመጣ ሰው ቀዩን ጭቃ በጫማው ይዞ ይገባል። ያ ጭቃ ትሬድሚሉ ላይ ሲደርቅ አቧራ ይሆንና ቀበቶው ሥር ገብቶ ሞተሩ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ከሪሴፕሽኑ በፊት ጣራ ያለው መግቢያ፣ ውሃው በብረት ፍርግርግ የሚወርድበት የእግር ማጠቢያ ቧንቧ፣ ተቀምጠው ጫማ የሚቀይሩበት አግዳሚና የጃንጥላ ማስቀመጫ ይሥሩ። አራት ካሬ ሜትር ይበቃዋል። አግዳሚውን የጅማ አናጺ ከዋንዛ ቢሠራው ደግሞ ለቤቱ ክብር ነው፤ ከተማችን በእንጨት ሥራ የታወቀች ሆና ሳለ በርጩማ ከውጭ ማስመጣት አይገባኝም። ለሎከር ቺፑድ አይጠቀሙ፣ እርጥበት ሲያገኘው አብጦ በሩ አይዘጋም።

ጣራው ቆርቆሮ ከሆነና ከሥሩ የኤሮቢክስ አዳራሽ ካሰቡ፣ ዝናብ ሲወርድ አንድ ጊዜ ቆመው ይስሙ። አሰልጣኟ እየጮኸች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ከቆርቆሮው ሥር ድምፅ የሚውጥ ነገርና ጥሩ ኮርኒስ ካልገባ አዳራሹ በክረምት አይሠራም።

አየሩም እንዲሁ ነው። ለሚሠራ ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹህ አየር መግባት አለበት ይባላል፤ 40 ሰው ላለበት ክፍል 400 ሊትር ማለት ነው። ይህን ለማግኘት መስኮቶች ፊት ለፊት ይሁኑ፣ ላይ በኩል የሚስብ ማራገቢያ ይግባ። የታሸገ አዳራሽ ኤርኮንዲሽን ብቻ ቢገባለት ያው አየር ይሽከረከራል፤ ክረምቱ ሳያልቅ ጥጉ ይሻግታል፣ የባርቤሉ እጀታም ይዝጋል።

ፎጣ! ደረጃችን ከፍ ያለ ነው ብለው ፎጣ የሚሰጡ ከሆነ የት እንደሚደርቅ አስበዋል? በነሐሴ ገመድ ላይ የተሰጣ ፎጣ በሶስተኛው ቀንም አይደርቅም፣ ይሸታል። የማጠቢያና የማድረቂያ ማሽን ክፍል ከነኤሌክትሪኩ ፕላኑ ላይ ካልገባ ፎጣ አገልግሎቱን አይጀምሩት።

የሴቶቹን ክፍል በመጋረጃ መለየት

ይህኛው ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ነው። ጅማ ላይ ጂም ሊመጡ የሚፈልጉ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሙስሊም ያልሆኑትም ቢሆኑ ሲሠሩ መታየት አይወዱም። ባለቤቶች ይህን ያውቃሉ። መፍትሔያቸው ግን አዳራሹን በመጋረጃ መጋረድ ይሆናል።

ሐኪም የላካቸው አንዲት እናት ለሶስት ሳምንት ሳያቋርጡ መጡ። የደም ስኳራቸው እየወረደ ነበር፣ በደብተር እየጻፉ ያሳዩኝ ነበር። ከዚያ ጠፉ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው «እማማ፣ ምነው ቀሩ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ መጋረጃው በነፋስ ይነሳል። ደግሞ ለመግባት በወንዶቹ መሃል ማለፍ አለብኝ» አሉኝ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲናገሩ የምመልሰው አጣሁ።

እውነተኛ የሴቶች ክፍል ግድግዳ አለው፣ የራሱ መግቢያ አለው፣ የራሱ ሻወርና ሎከር አለው፣ የምታሠለጥነውም የምታጸዳውም ሴት ናት። ካሜራ ውስጡ አይገባም። ክብደትም ይኑረው፤ ለሴቶች ሁለት ትሬድሚልና ሮዝ ቀለም ሰጥቶ ማለፍ ንቀት ነው። ለዚህ የሚሆን ቦታ ከሌለ በሰዓት ይከፋፍሉት፣ ግን የሚመቻቸውን ሰዓት ይስጧቸው እንጂ ወንዶች የማይፈልጉትን አይደለም።

ሰዓት ካነሳን፣ የመግሪብ ሶላት የሚደርሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ጂሙ ጢም ብሎ በሚሞላበት ጊዜ ነው። ንጹህ ትንሽ ክፍልና የውዱእ ቧንቧ ካለ አባሉ ሰግዶ ይመለሳል፤ ከሌለ ሥራውን አቋርጦ ይሄዳል። የቡድን ሥልጠናውን በዚያ ሰዓት ላይ አይጀምሩ። ረመዳን ላይ ደግሞ ከአፍጥር በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት መሆን ያስፈልጋል። ለጁስ ቤቱም ያው ነው፦ በኦርቶዶክስ ጾም ወቅት ወተት የሌለበት አማራጭ ይኑር፣ አቮካዶና ፍራፍሬ በሽ በሆነበት አገር ይህ ከባድ አይደለም።

ሳውናና ስቲምን አንድ አድርጎ ማየት

ሳውና ደረቅ ሙቀት ነው፣ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል፣ በእንጨት ይሠራል። ስቲም ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ነው፣ ግን እንፋሎት የሞላበት ስለሆነ በሴራሚክ ይሠራል፤ ጣራው ጠብታው ሰው ላይ እንዳይወርድ ዘንበል ይላል፣ ከሴራሚኩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ይገባል። ይህ ሽፋን ከቀረ እርጥበቱ ግድግዳውን አልፎ ጎረቤቱ ክፍል ላይ ይወጣል። ለሳውናው ሙጫ የሚያወጣ እንጨት አይሆንም፣ ቫርኒሽም አይቀባም። የሁለቱም በር ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ቁልፍ የሌለው ይሁን። የተዝለፈለፈ ሰው በሩን ገፍቶ መውጣት አለበት።

ማሳጅ ክፍሉን ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ያርቁት።

ባዶ ቦታን እንደ ኪሳራ መቁጠር

ከትሬድሚል ኋላ 2 ሜትር፣ ከጎንና ጎኑ ግማሽ ሜትር ባዶ ይተዉ። የወደቀ ሰው የሚወረወረው ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ካገኘው ቀበቶው እየፈጨው ይቀራል። አንድ ትሬድሚል መቀነስ ይሻላል።

ጂሙን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መሥራት

«ለአንድ ወር ብቻ» ተብሎ የተዘጋ ጂም በአንድ ወር ሲከፈት አላየሁም። አባሉ ሌላ ቦታ ይለምዳል። በክፍል በክፍል ይሥሩ፣ መጀመሪያ ውሃውንና ሻወሩን፣ ቀጥሎ ወለሉን፤ ጨርሰው ሲያስረክቡ ማሽኑ ይግባ። የቆርቆሮና የቁፋሮ ሥራ ካለ በበጋ ይጠናቀቅ።

ሃጂን መጨረሻ ላይ የመከርኳቸውን ለእርስዎም ልንገር። ውል ከመፈረምዎ በፊት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሕንፃው ይሂዱ። ያሉትን ቧንቧዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፣ መብራቱን ሁሉ ያብሩ፣ አንድ ሰው ላይኛው ፎቅ ላይ ይዝለልልዎት፣ እርስዎ ታች ቆመው ኮርኒሱን ይመልከቱ። ዝናብ ያለበት ቀን ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሻላል።