የጂን ሕክምና ቫይረስ ጥራቱ እንዴት ይመረመራል?

ኅዳር ላይ ከቃሊቲ ወጥተው ገላንን ሲያልፉ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ይሸጣል። እኔ ሳልገዛ በፊት ሁለት ሦስቱን ፈልፍዬ አያለሁ። ላዩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሲከፈት ፍሬ የለውም። የጂን ሕክምና ቫይረስም ሲመረት እንዲሁ ጂን ያልያዘ ባዶ ቅርፊት (የቫይረሱ የፕሮቲን ሽፋን) ይቀላቀልበታል።

በዚህ ሕክምና ሐኪሙ የጎደለውን ጂን ወደ ሴል የሚያስገባው በሽታ እንዳያስይዝ ተደርጎ በተዘጋጀ ቫይረስ አሸክሞ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኤኤቪ የተባለ ቫይረስ ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚሸከመውም 4,700 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጂኑን ይቁጠሩ። ናሙናው ላይ ዲኤንኤስ የተባለ ኢንዛይም ይጨመራል፤ ከቅርፊት ውጭ የቀረውን ዲኤንኤ ይበላል፣ በቅርፊት የተሸፈነውን አይነካም። ከዚያ ኢንዛይሙ ሥራ እንዲያቆም ይደረግና ቅርፊቱ ተከፍቶ ጂኑ ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለካው ፒሲአር ይቆጠራል። ይህን ቅደም ተከተል አደራ! ኢንዛይሙ ከተረሳ ውጭ የፈሰሰው ሁሉ አብሮ ይቆጠራል፤ ቅርፊቱ ከተከፈተ በኋላ ከሠራ ደግሞ መቆጠር ያለበትንም ይበላዋል። ለታካሚው የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን የሚሰላው በዚሁ ቁጥር ነው። ለአከርካሪ ጡንቻ መመንመን እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ የተፈቀደው ዞልጀንስማ የተባለ መድኃኒት በታካሚው ክብደት በኪሎ 110 ትሪሊዮን የጂን ቅጂ ይሰጣል።

ቀጥሎ ቅርፊቱን ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል በሚለካው ኤሊሳ ቆጥረው ከጂኑ ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱ የባዶውን ብዛት ይጠቁማል። ይበልጥ ለማረጋገጥ ናሙናው አልትራሴንትሪፉጅ በተባለ ማሽን እጅግ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሙሉው ከባድ ስለሆነ ቀድሞ ይዘቅጣል። ባዶው አያድንም፣ የሰውነትን መከላከያ ግን ይቀሰቅሳል።

ቁጥሩ ቢያምርም ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ሥራውን መሥራቱ መታየት አለበት። በሕይወት ባሉ ሴሎች ላይ ይጨመርና የተፈለገው ፕሮቲን መመረቱ ይለካል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሴሎቹ በየቀኑ አንድ ዓይነት ስለማይሆኑም ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ ኃይሉ ቀድሞ የታወቀ ናሙና ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይሠራ።

የቀረው የንጽሕና ምርመራ ነው፦ ባክቴሪያና ፈንገስ (ምርመራው 14 ቀን ይወስዳል)፣ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ትኩሳት የሚያስነሣው ኢንዶቶክሲን፣ ከማምረቻው ሴል የተረፈ ዲኤንኤ፣ ራሱን ማባዛት የሚችል ቫይረስ። ማይኮፕላዝማ የተባለውን በጣም ትንሽ ባክቴሪያ መመርመር ደግሞ በመደበኛው የማሳደግ ዘዴ 28 ቀን ይፈጃል። ውጤቱ እስኪመጣ መድኃኒቱ ከማቀዝቀዣው አይወጣም።